ቤንዚኑን የጠጣው ጭድ

ሞተር ብስክሌቷን የሰጡኝ ቀን ለሦስት ነገር ፈረምኩ፤ ለሞተሯ፣ ለሄልሜቷና ለቁልፏ። አራተኛው ነገር ፊርማ አልነበረውም። መንዳት ያስተማረኝ ሾፌር ከታንኩ ሥር፣ ከግራ ጉልበቴ አጠገብ ያለችውን አውራ ጣት የምታህል ዘንግ በጣቱ ነካ አድርጎ «ይች የቤንዚን መዝጊያዋ ናት። ስትነሳ ክፈት፣ ስታርፍ ዝጋ፤ በቃ» አለኝ። ወደ ታች ስትሆን ክፍት፣ ወደ ጎን ስትሆን ዝግ። ከዚህ የቀለለ ትምህርት በሕይወቴ አልተማርኩም።

ዘመኑ ደርግ ወድቆ ጥቂት ዓመታት ያለፉበት፣ የሞባይል ስልክ ወሬው እንኳ ደባርቅ ያልደረሰበት ነው። እኔ ሃያ አምስት ዓመት ያልሞላኝ የእንስሳት ክትባት ሠራተኛ ነበርኩ። ተወልጄ ያደግኩት ከዳባት ወጣ ብሎ ካለ መንደር ነው፤ እንጀራዬ ግን ደባርቅ ነበር። የወሰድኩት ትምህርት ዓመት ከመንፈቅ ባይሞላም ገበሬው ሁሉ ዶክተር ይለኝ ነበር፤ እኔም አላረምኩትም። የክትባቱን የበረዶ ሳጥን ከኋላ አስሬ አንድ ቀን ወደ ዳባት፣ ሌላ ቀን በሳንቃ በር በኩል ወደ አምባራስና ጃናሞራ እሄዳለሁ። በበቅሎ ሁለት ቀን የሚፈጀውን መንገድ ባንድ ጧት ስጨርሰው ራሴን እንደ ትልቅ ሰው ቆጠርኩት።

መዝጊያዋን መጀመሪያ ሰሞን በደንብ እዘጋ ነበር። ታዲያ አንድ የዳባት ገበያ ቀን፣ ሰው ሁሉ እያየኝ፣ ሞተሬን አስነስቼ ኮራ እያልኩ ገበያው መሀል ስደርስ ጥፍት አለች። ብረግጣት ብረግጣት እምቢ። ለካ መዝጊያውን ሳልከፍት ነው የተነሳሁት፤ ካርቡራተሩ ውስጥ የቀረችው ጥቂት ቤንዚን እስከ ጌሾ ተራ ብቻ ነው ያደረሰችኝ። አንዲት ጌሾ ሻጭ «ዶክተር! እስቲ መጀመሪያ ይችን ሞተር ክተባት!» ስትል ገበያው በሳቅ ፈረሰ። ካደጉበት አገር እንዲህ መሳቂያ መሆን ሞት ነው። እኔ ደግሞ ምድጃ ላይ እንዳለ ወተት ቶሎ የምገነፍል ሰው ነኝ፤ ያን ቀን በሞተሯም፣ በሴትዮዋም፣ ባስተማረኝ ሾፌርም ተናደድኩ። ከዚያ ወዲያ መዝጊያዋን ክፍት ትቻት ነካክቻት አላውቅም።

ሞተሯ የምታድረው ከመሥሪያ ቤታችን በር አጠገብ ባለችው የዘበኛ ቤት ውስጥ ነበር። ዘበኛው ስድሳን ያለፉ፣ ቀጭንና ረጅም ሽማግሌ ናቸው። እሳቸውም እንደኔ የዳባት ገጠር ሰው ነበሩ፤ መንደራቸው ከኛ መንደር ብዙ አይርቅም፣ ደብሩም አንድ ነው። ከባለቤታቸው ጋር በቁርባን የተጋቡ ናቸው፤ ቆራቢ ናቸው። በየአስራ አምስት ቀኑ ቅዳሜ ወርደው፣ እሑድ ከባለቤታቸው ጋር ቆርበው፣ ሰኞ ጧት ሥራቸው ላይ ይገኛሉ።

ለሞተሯ የነበራቸው አክብሮት ያስቀኝ ነበር። አመሻሽ ላይ ከበሩ ይቀበሉኝና ራሳቸው እየገፉ ያስገቧታል። በመሀል ማቆሚያዋ ቀጥ አድርጎ ለማቆም ጉልበት ስለሚጠይቅ በጎን ማቆሚያዋ ወደ ግራ አዘንብለው ይተዋታል። ወለሉ አፈር ነው፤ የደባርቅ ብርድ ደግሞ የታወቀ ነው። ከመንደራቸው ጭድ በጆንያ ተሸክመው አምጥተው ከሥሯ ጎዘጎዙላት። «በቅሎስ ሞቃት ገላ አላት፤ ይች ብረት ናት፣ ብርዱ ይብስባታል» አሉኝ። ለራሳቸው ግን በዚያ ብርድ እሳት አያነዱም። ቤንዚን ካለበት ቤት እሳት አይነድም ብለው፣ ከሞተሯ አጠገብ ካለች መደብ ላይ ጋቢያቸውን ተከናንበው ያድራሉ።

አሁን ሳስበው ሁሉም ነገር ተነግሮኝ ነበር። ጧት ስመጣ «ምነው ሰሞኑን ራሴን ይከፍለኛል» ይሉኛል፤ ከኪሴ ክኒን አውጥቼ እሰጣቸዋለሁ። ጭዱን በየጊዜው ይለውጡና አሮጌውን ከግቢው ውጭ ያቃጥሉታል፤ አንድ ቀን እየሳቁ «ይሄ ጭድ ምን ነካው፣ እንደ ችቦ ቦግ ይላል እኮ!» ብለውኛል። እኔም ነፋሱ ነው ብዬ አለፍኩ። የክትባቱ ፍሪጅ የሚሠራው በነጭ ጋዝ ስለነበር ግቢው ሁሉ ሁልጊዜ ጋዝ ጋዝ ይሸታል፤ አፍንጫችን ለምዶታል።

ቤንዚኑ ግን ይጎድል ነበር። ማታ ሞልቶ የገባው ታንክ ጧት ከፍቼ ሳየው ወርዶ አገኘዋለሁ። መጀመሪያ ዓይኔን ተጠራጠርኩ፤ ቀጥሎ ሞተሯን። ቀን ቀን ግቢው ውስጥ በመሀል ማቆሚያዋ ቀጥ አድርጌ አቁሜ ከሥሯ ተንበርክኬ አየሁ፤ ጠብታ የለም። አንድ መካኒክ አሳየሁ፤ እሱም ቀጥ ባለችበት ሥሯን ዳሰሰና «ቅንጣት አታፈስም፤ ሌባ ፈልግ» አለኝ። ቃሉ ከጆሮዬ አልወጣም።

ነገሩ የፈነዳው ጃናሞራ አባ ሰንጋ ገባ በተባለ ጊዜ ነው። አባ ሰንጋ ቀን አይሰጥም፤ ከብት ማታ ቆሞ ገብቶ ጧት ሬሳ ነው። ገበሬዎቹ ጎሕ ሲቀድ ከብታቸውን ባንድ ሜዳ ሰብስበው እንዲጠብቁኝ መልእክት ልኬ፣ ሳጥኔን በበረዶ ሞልቼ ተነሳሁ። ታንኩን ሳላይ ነው የወጣሁት፤ ማታ ግማሽ እንደነበር አውቃለሁና። ከሳንቃ በር ትንሽ እልፍ እንዳልኩ ሞተሯ ሁለት ጊዜ ሳል ሳል አለችና ቆመች። ታንኩን ከፍቼ ሳወዛውዛት ባዶ ናት።

ሳጥኑን ተሸክሜ በእግሬ ሄድኩ። በመጨረሻ አንድ ባለ በቅሎ አግኝቼ ጫነልኝ። ስደርስ ፀሐይ ወደ ምዕራብ አዘንብላለች፤ በረዶው ውሃ ሆኗል፣ መድኃኒቱ ሞቋል። ገበሬዎቹ ከብቱን ሳያሰማሩ፣ ውሃ ሳያጠጡ ውለዋል። «ዶክተር፣ ከብቱን አስርበን ዋልን እኮ» አለ አንዱ። አንድም ከብት ሳልከትብ ተመለስኩ። ጥንድ በሬ የነበረው ሰው አንዱ በሬው በዚያው ሰሞን እንደሞተበት በኋላ ሰማሁ። ከመካከላቸው አንድ ሰው ቢቆጣኝ ኖሮ ንዴቴ እዚያው ይበርድ ነበር ይሆናል። ማንም ስላልተቆጣኝ ንዴቴን ይዤ፣ ከመኪና በለመንኩት ቤንዚን ሞተሯን አስነስቼ ደባርቅ ገባሁ።

በማግስቱ ጧት በቀጥታ ወደ ዘበኛው ቤት ሄድኩ። ሽማግሌው ደኅና መግባቴን ሊጠይቁኝ ከመደቡ ተነሱ። ጠጋ ሲሉኝ ጋቢያቸው ቤንዚን ቤንዚን ሸተተኝ።

«አባቴ፣ ጋቢዎ ምንድን ነው የሚሸተው?» አልኳቸው።

የጋቢያቸውን ጫፍ አንስተው አሸተቱና «ቤንዚን ነዋ። ከሷ ጋር አይደል የማድር» አሉኝ።

እውነቱን ነበር የነገሩኝ፤ ከዚያ የበለጠ እውነት ሊነገረኝ አይችልም ነበር። እኔ ግን ድፍረት መሰለኝ። ምን ምን እንዳልኩ ሁሉንም አላስታውስም፤ «ሌባ» ማለቴን አስታውሳለሁ። የጮህኩትም የመሥሪያ ቤቱ ሰው ሁሉ እስኪወጣ ድረስ ነው።

ኃላፊያችን ከሌላ አገር የመጣ፣ ጭቅጭቅ የማይወድ ሰው ነበር። ማስረጃ የለም፤ ያየ የለም። የንብረት ክፍሉ ሰው ያገሩን መፍትሔ አመጣ፤ ይማሉ። በኛ አገር ያላዩት ስርቆት መጨረሻው መሐላ ነው። የተጠረጠረው ሰው ከቤተ ክርስቲያን ደጅ ቆሞ አልነካሁም ብሎ ይምላል፤ በሐሰት የማለ ዓመት አይሞላውም ስለሚባል የማለን ሰው ዳግመኛ የሚጠረጥር የለም። ኃላፊው በነገሩ ቀላልነት ደስ አለው። «አባባ፣ ማርያም ደጅ ሄደው ይማሉ፤ ከማሉ እኛም ረሳነው» አላቸው።

«አልምልም» አሉ ሽማግሌው።

«ለምን?»

«ሥጋ ወደሙ በተቀበልኩበት አፍ ለቤንዚን አልምልም። አልወሰድኩም ብያለሁ፤ ቃሌ ይኸው ነው።»

ኃላፊው ግራ ገብቶት ወደኔ ዞረ። «አንተ የሳቸው አገር ልጅ ነህ። ይሄ ነገር እንዴት ነው? ንጹሕ ሰው መሐላ ይፈራል እንዴ?» አለኝ።

እዚህ ላይ ስለ እናቴ መናገር አለብኝ። እናቴ ነፍሷን ይማርና ቆራቢ ነበረች። ልጅ ሆኜ አንዲት ጎረቤታችን በጓ ጠፍታባት እናቴን ጠረጠረቻት። ማዪና ነገሩ ይለቅሽ አሏት። እናቴ በእውነትም በሐሰትም አልምልም አለች፤ ቆራቢ ምላሱን ለመሐላ አያውስም ብላ የራሷን በግ ጎትታ ለጎረቤቷ ሰጠች። የጠፋችው በግ ከሁለት ቀን በኋላ ከገደል ሥር ተገኘች። ስለዚህ ሽማግሌው ለምን እንደማይምሉ ከዚያ ግቢ ውስጥ ከኔ የተሻለ የሚያውቅ ሰው አልነበረም። አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃ ነበር፤ «ቆራቢ ስለሆኑ ነው፣ ቆራቢ አይምልም» ማለት ብቻ።

«ያልነካ ሰው መማል ምን ይከብደዋል?» አልኩ።

ሽማግሌው ቀስ ብለው ዞረው አዩኝ። «የማን ልጅ እንደሆንክ አውቃለሁ እኮ» አሉኝ። 

በዚያው ሳምንት ተሰናበቱ። ዕቃቸው አንድ ጆንያ አልሞላም። ከቤቱ ሲወጡ ጭዱን አዩትና ለንብረት ክፍሉ ሰው «ይቆይላት፤ ትናንት የለወጥኩት ነው» አሉት። እኔ በመስኮት እያየሁ ነበር፤ አልወጣሁም።

ክረምቱ ገባ። መንገዱ ጭቃ ሆኖ ሞተሯ ቤንዚኗ ተራግፎ መጋዘን ቆመች፤ ስለዚህ የሚጎድል ቤንዚንም አልነበረም። ኃላፊው ይህን እንደ ትልቅ ማስረጃ ይዞ «አየህ፣ ሽማግሌውን ካሰናበትን ወዲህ ጠፋ የሚል ቃል አልሰማሁም» ይለኝ ጀመር። እውነት መስሎኝ ደስ አለኝ።

መስከረም ላይ መንገዱ ደረቀ፤ ሞተሯም ወጣች። አዲሱን ዘበኛ ስላላመንኩት ማታ ይዣት ወደ ቤቴ ሄድኩ። የተከራየሁት አንድ ክፍል ጠባብ ስለሆነ በጎን ማቆሚያዋ ወደ ግራ አዘንብዬ ከአልጋዬ ግርጌ አቆምኳት። በሩን ቆልፌ ቁልፉን ትራሴ ሥር አድርጌ ተኛሁ። ጧት ስነቃ ራሴን እየከፈለኝ ነበር።

መጀመሪያ ጉንፋን መሰለኝ። ቀጥሎ ሽታው ወደ አፍንጫዬ መጣ። እግሬን ከአልጋ ሳወርድ የክፍሌ ወለል ሲሚንቶ ነውና ከሞተሯ ሥር የተንጣለለውን እርጥበት አየሁ። ዳር ዳሩ ደርቋል፣ መሀሉ ገና ያብለጨልጫል። ጣቴን ነክሬ አሸተትኩ። ከዚያ አልጋዬ ጠርዝ ላይ ቁጭ ብዬ ለብዙ ጊዜ አልተነሳሁም። በሩ እንደተቆለፈ ነው፤ ከኔ በቀር ሰው አልነበረም።

ሥራ አልገባሁም። አሞኛል ብዬ ላክሁና ሞተሯን መመርመር ጀመርኩ። የቸኮለ ሰው ፍሳሽ አያገኝም፤ ከላይ ያፈተለከ ቤንዚን ብረት ብረቱን ይዞ ወርዶ ሌላ ቦታ ነው የሚንጠባጠብ፤ ስለዚህ ከታች ያዩት እርጥበት ምንጩን አይናገርም። መላ አካሏን በጨርቅ ወለወልኩ። ጎረቤቴ ያለችውን መምህርት ጠመኔ ለምኜ ፈጨሁና ዱቄቱን ከታንኩ ጀምሬ መጋጠሚያ መጋጠሚያው ላይ ነሰነስኩ፤ ቤንዚን የነካው ጠመኔ ይጠቁራል። ታንኩ ነጭ ነው። መዝጊያዋ ነጭ ናት። ወደ ካርቡራተሩ የምትወርደው የጎማ ቱቦ ከላይ እስከ ታች ነጭ ናት። ጋዜጣ ከሥሯ ዘርግቼ ጠበቅሁ። ከካርቡራተሩ ሆድ ከምትወርደው ቀጭን የማስተንፈሻ ቱቦ ጫፍ አንዲት ጠብታ ተንጠልጥላ ወፈረችና ጋዜጣው ላይ ወደቀች። ከዚያ ሌላዋ።

ሞተሯን አንስቼ በመሀል ማቆሚያዋ ቀጥ አደረግኳት። ጠብታው ቆመ። ወደ ግራ መልሼ አዘነበልኳት፤ ጥቂት ቆይቶ ጠብ አለ። ደጋግሜ ሞከርኩት። በመጨረሻ ጎንበስ ብዬ፣ እንዳዘነበለች፣ ያችን አውራ ጣት የምታህል ዘንግ ወደ ጎን አዞርኳት። ጠብታው ለዘለቄታው ቆመ። ከእንግዲህ የቀረው ብረቱን ፈትቶ ማየት ነበር፤ የማውቀውን ግን አውቄያለሁ።

ካርቡራተሩን በፒንሳና በካቻቢቴ አወረድኩት። ከሥሩ ቤንዚን የሚጠራቀምባት ትንሽ ጽዋ አለች። ጽዋዋ ውስጥ አንድ ተንሳፋፊ አለ፤ ቤንዚኑ ሲሞላ ከፍ ይልና ጫፏ የሾለ መርፌ የምትመስል ብረት ገፍቶ መግቢያውን ይዘጋል። የኔዋ መርፌ ጫፏ ዙሪያውን ተበልቶ እንደ ቀለበት ያለ ምልክት አውጥቷል፤ የጃናሞራ መንገድ አቧራም እንደ ቡና አተላ ከታች ተቀምጧል። ቀጥ ብላ ስትቆም መርፌዋ እንደምንም ትዘጋለች፤ ስታዘነብል ግን አልገጥም ትላለች፣ ቤንዚኑም ሞልቶ በቱቦዋ ይወርዳል። ሌሊቱን ሁሉ ጠብ፣ ጠብ ይላል። መዝጊያው ቢዘጋ ግን የመርፌዋ መበላት ለማንም ሳይታወቅ ይቀር ነበር። ሽማግሌው ለብርዱ ብለው የጎዘጎዙላት ጭድ ጠብታውን ሁሉ ጠጥቶ ደበቀው። ጋቢያቸው ቤንዚን እንዲሸት ያደረገው፣ ራሳቸውን የከፈላቸው፣ እሳት እንዳያነዱ የከለከላቸው እኔ ክፍት የተውኩት መዝጊያ ነው። ያን ቀን አለቀስኩ፤ ያለቀስኩት ግን ለሳቸው ይሁን ለራሴ ዛሬም አላውቅም።

ከጎንደር አዲስ መርፌ አስመጣሁና ገጠምኩ። አሮጌዋን በወረቀት ጠቅልዬ አስቀመጥኳት፤ ይዤላቸው ልሄድ ነው። ደመራን ልለፍ አልኩ። ከዚያ የክትባት ዘመቻ መጣ። ገና አለፈ፣ ጥምቀት አለፈ። የዳባትን መንገድ በወር ሁለት ሦስት ጊዜ እመላለሳለሁ፤ ወደ መንደራቸው የሚገነጠለው መንገድ ጋ ስደርስ ዓይኔን ወደ ሌላ ወገን አዞራለሁ። መናገር ማለት ለኃላፊው መናገር ነው፤ «ያልነካ ሰው መማል ምን ይከብደዋል» ያልኩት ሰውዬ እኔ ነኝ ማለት ነው፤ ጌሾ ተራ ከሳቀችብኝ ወዲህ መዝጊያ ዘግቼ አላውቅም ማለት ነው። ኃላፊው «ሌባው ሲሄድ ቤንዚኑ በረከት ሆነ» ሲል ሻዬን እጠጣ ነበር። ፈሪ ነበርኩ። ለዚህ ሌላ ስም የለውም።

ዐቢይ ጾም ከገባ በኋላ ዳባት ገበያ ላይ የሽማግሌው ባለቤት አገኙኝ። ከመንደር ጀምሮ ያውቁኛል። ይሸሹኛል ብዬ ስጠብቅ ጠጋ ብለው ሰላም አሉኝ።

«ሞተሯ ደኅና ናት?» አሉኝ፤ እንደ ቤተሰብ ነው የጠየቁኝ።

«ደኅና ናት፤ መስከረም ላይ ካሠራኋት ወዲህ ምንም አላለች» አልኩ። ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው የሰማሁት። እሳቸው ግን ያሉበት ሐሳብ ሌላ ነበር።

«እሱማ ከቤተ ክርስቲያን ከቅጽሩ ውጭ ነው የሚቆም» አሉኝ። «አንድ ላይ ነበር የምንቀበል፤ ይኸው አሁን ብቻዬን። ይቅር ማለት አቃተኝ ይላል። የሌሎቹን ተወው፤ ያንተ ነው ከሆዱ አልወጣ ያለው። ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት ይላል፤ አልገባም ይላል። የቆራቢ ልጅ ነበር፣ እያወቀ ነው ይላል። ሽማግሌ ነው ልጄ። እንዲህ እንደሆነ ቢሞትብኝስ?»

ምን ብዬ እንደተሰናበትኳቸው አላስታውስም። የገባኝ ነገር ግን ሥራቸውን ብቻ እንዳልወሰድኩባቸው ነው። ለዚያውም ወደሳቸው እስክሄድ ሁለት ሳምንት ፈጀብኝ።

ቅዳሜ ጧት መርፌዋን ከደረት ኪሴ አድርጌ ሄድኩ። ሽማግሌው ከደጃፋቸው ተቀምጠው ገመድ ይገምዱ ነበር። ሞተሯን ሲሰሙ ቀና አሉ፤ እኔን ሲያዩ ወደ ገመዳቸው ተመለሱ። ባለቤታቸው ወንበር አመጡልኝ፤ አልተቀመጥኩም። ወረቀቱን ፈትቼ መርፌዋን መዳፋቸው ላይ አኖርኩና ከመዝጊያዋ ጀምሮ እስከ ጭዱ ድረስ ነገርኳቸው። የዳባት ገበያውን ሳቅ እንኳ አላስቀረሁም። ሽማግሌው ዓይናቸው ደክሟልና ጫፏን ባውራ ጣታቸው ዳሰሷት።

«ይችን ታክላለች?» አሉ።

«ይችን ታክላለች።»

«አሁንስ ዘግተሃታል?» አሉና በአገጫቸው ወደ ሞተሯ አመለከቱ።

«ዘግቻታለሁ።»

ገመዱን ከጎናቸው አስቀመጡ። «ቤንዚኑን ተወው። ያን ለት ለምን እንደማልምል ታውቅ ነበር ወይ?»

«አውቅ ነበር፤ እናቴ ቆራቢ ነበረች» አልኩ። ይህን እንኳ አልዋሸሁም። ወድቄ እግራቸውን ልስም ስል ክንዴን ይዘው አስነሱኝ። «እግዚአብሔር ይፍታህ። እኔም ፈትቼሃለሁ» አሉ። ፊታቸው ሲፈታ አየሁት። ከብዙ ወር በኋላ የመጀመሪያዋን ሙሉ ትንፋሽ የተነፈስኩ መሰለኝ።

ያን ጊዜ ነው እንደ ዋዛ መርፌዋን እያገላበጡ «መቼ አገኘሃት?» ያሉኝ።

«ባለፈው ሳምንት» አልኩ።

አላሰብኩበትም። አዲስ ያገኘሁት ትንፋሽ እንዳያመልጠኝ ይመስለኛል። ሽማግሌው ወደ ባለቤታቸው ዞረው «ሰማሽ? ባገኘ በሳምንቱ ሮጦ መጣ! የቆራቢ ልጅ መሆኑ አልቀረም» አሉ። ድምፃቸው ውስጥ ደስታ ነበር።

ባለቤታቸው አዩኝ። ደጅ ላይ ቆመው ለረጅም ጊዜ አዩኝና «ሰማሁ» አሉ።

ስሄድ ባለቤታቸው እስከ ሞተሯ ሸኙኝ። መዝጊያዋን ስከፍት ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «መስከረም ነበር ገበያ ላይ ያልከኝ» አሉኝ።  ተመልሼ ለሽማግሌው እውነቱን ልነግራቸው ስል እጅጌዬን ያዙኝ። «ተወው፤ እሱ አይስማ። ሆሳዕና ቀርቧል፤ ይቁረብበት» አሉ።

ሰኞ ለኃላፊው ነገርኩት፤ ለንብረት ክፍሉ ሰውም፣ ለሁሉም። «በል እሺ፣ ስማቸው ጸዳ፤ ቦታው ግን ሰው ገብቶበታል» አለኝ። መቼ እንዳገኘሁት የጠየቀኝ የለም።

የሆሳዕና ዕለት እዚያው ደብር ሄድኩ። ሕዝቡ ዘንባባ ይዞ ግቢውን ሞልቶታል። ሽማግሌው የታጠበ ጋቢያቸውን ለብሰው፣ ራሳቸውን ዝቅ አድርገው፣ ከቆራቢዎቹ ጋር ወደ ውስጥ ሲገቡ አየሁ። ደስ አለኝ፤ በእውነት ደስ አለኝ። ባለቤታቸውን ከሴቶቹ መካከል ፈለግኳቸው፤ አጣኋቸው።

ስወጣ ከቅጽሩ ውጭ፣ ሽማግሌው ያን ሁሉ ጊዜ ይቆሙበት ነበር ከተባለው ቦታ፣ ግንቡን ተደግፈው ቆመው ባለቤታቸውን አገኘኋቸው። ነጠላቸውን እስከ አፋቸው ተከናንበዋል። ቀርቤ እማማ አልኳቸው።

«ለሱ ሆዴን አሞኛል ብዬዋለሁ» አሉኝ።